ከጽዱ ሥር የተገኘች እጅ

ሰዓት ሠሪው ገነነ የሚሠራው ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ በአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር በተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ ደንበኛ ከውጭ ቆሞ ክንዱን ብቻ በመስኮቷ ያስገባል፤ ገነነም የሰውየውን ፊት ሳያይ የእጁን አንጓ አይቶ ሰላም ይለዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በእጁ ነበር። መንገድ ላይ ሰው ሲያስቆመው መጀመሪያ ዝቅ ብሎ እጁን ያይና ከዚያ በኋላ በስሙ ይጠራዋል።

ከክስታኔ አገር ወደ አዲስ አበባ የመጣው ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው። ፒያሳ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አርመናዊ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወለል ለመጥረግ ገባ። የሽማግሌው ዓይን እየደከመ ስለነበር ትንንሾቹ ብሎኖች ከጣታቸው እያመለጡ ይወድቁባቸዋል፤ ገነነን ደግሞ የወደቀ ነገር መፈለግ አይታክተውም። በሆዱ ተኝቶ፣ ጉንጩን ጣውላው ላይ አስደግፎ፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ብሎኗን እስኪነካት ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሽማግሌው ይህን አይተው ሙያውን አስተማሩት፤ ሲሞቱም ማጉያ መነጽራቸውንና ወረንጦዎቻቸውን ተዉለት።

ሚስቱ አስካለ የአፍንጮ በር ልጅ ናት። ለአንድ የፒያሳ ልብስ ሰፊ የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። የተከራዩት እዚያው አፍንጮ በር፣ ከእማማ ሙሉእመቤት ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የግቢው ጓሮ ወደ ወንዙ ያዘነብላል፤ ከጓሮው ጫፍ ላይ ከቤቱም ከባለቤቷም የሚበልጥ ዕድሜ ያለው አንድ ጽድ ቆሟል።

በ1941 ክረምት ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረ። አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ክርስትና ሳይነሳ ስለሞተ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አልተቀበረም። ገነነ ሁለት ጎረቤቶች አስከትሎ፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ ሰዓት ውስጥ፣ ወንዙን ተሻግሮ ቀብሮት ተመለሰ። አስካለ አራስ ስለነበረች አልሄደችም። በኋላም የት እንደሆነ አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ልጁ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ኖሩ። ተጣልተው አይደለም። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ማታ ማታ እሷ ስትጠልፍ እሱ መርፌዋ ላይ ክር ይሰካላታል። ስለዚያ ነገር ብቻ ዝም ይሉ ነበር።

ጉጉቷ የመጣችው በ1948፣ የጃንሆይ የሃያ አምስት ዓመት ኢዮቤልዩ በተከበረበት ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው። ገነነ ማለዳ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ከጽዱ መሐለኛ ቅርንጫፍ ላይ ትናንት ያልነበረ ጉቶ አየ። ጉቶው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ዓይኑ እንደ ብርቱካን ነበር። ገነነ የሚታጠብበትን ጣሳ እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ እፍኝ ያደረገው ውሃ በጣቶቹ መሐል እየተንጠባጠበ አለቀ። ጉጉቷ አይታው ስትጨርስ ዓይኗን ከደነችና ተመልሳ ጉቶ ሆነች።

ያን የምታህል ጉጉት ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም። ቁመቷ ዳዴ ጨርሶ መቆም የጀመረ ሕፃን ያህላል፤ ከራሷ ላይ ሁለት ጆሮ የሚመስሉ ላባዎች ቀጥ ብለዋል። ቀኑን ሙሉ ከዛፉ አትንቀሳቀስም። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ግን ክንፏን ትዘረጋና አንዳች ድምፅ ሳታሰማ በቤቱ ጣሪያ ላይ አልፋ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ይህን ያህል የገዘፈ ነገር ይህን ያህል ዝም ማለቱ ገነነን ይደንቀው ነበር። እሱ ውሎ የሚያድርባቸው ነገሮች ከጥፍር ያነሱ ሆነው እንኳ ቀጭ ቀጭ ማለታቸውን አይተዉም።

እማማ ሙሉእመቤት አልወደዷትም። ጉጉት የገባችበት ግቢ ሬሳ ሳይወጣበት አይቀርም ብለው፣ ጎረቤታቸው ያሉትን ጡረተኛ ወታደር አቶ ተክላይን በጠመንጃ እንዲጥሏት ለመኗቸው። አቶ ተክላይ መጥተው ቀና ብለው አዩና፣ ከዐቢይ ጾም በፊት አንድ ቀን እመለሳለሁ ብለው ሄዱ።

ገነነ ከዛፉ ሥር፣ ከዶሮ እንቁላል ረዘም ያሉ፣ ግራጫ፣ ሲነኳቸው ቀላል የሆኑ ጥቅሎች ማየት ጀመረ። አንዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሥራ ቦታው ወሰደ። በምሳ ሰዓት በወረንጦ ሲፈታው ውስጡ ጸጉርና አጥንት ሆኖ አገኘው። ጉጉቷ ያደነችውን ትውጥና ሥጋውን ለሆዷ አስቀርታ፣ ሆዷ የማይፈጨውን ጸጉርና አጥንት ጠቅልላ በአፏ መልሳ ትተፋለች። ይህን ማንም አልነገረውም፤ አንዱን ጥቅል ከሌላው በኋላ እየፈታ ራሱ ደረሰበት።

የመጀመሪያው አይጥ ነበር። የራስ ቅሉ፣ ብርቱካናማዎቹ የፊት ጥርሶች፣ ከክር የቀጠኑት የጎን አጥንቶች፣ ሁሉም አሉ። ገነነ በጥቁሩ የሥራ ጨርቅ ላይ አንድ በአንድ ደርድሮ ሲጨርስ ምሳውን እንዳልበላ ትዝ አለው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይለቅም ጀመር። ፍልፈል አገኘ፣ ርግብ አገኘ፣ የሌሊት ወፍ አገኘ። አንድ ጊዜ ደግሞ የጭልፊት ጥፍር ወጣ፤ ዶሮ ነጣቂው ራሱ ተነጥቆ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን ቀላ ያለች፣ እንደ ቀንድ የጠነከረች፣ እንደ ጉጠት የተቆለመመች ቁራጭ ከጥቅሉ ውስጥ ወጣችና ምን እንደሆነች ግራ ገባው። የኮት ቁልፍ ስብራት መስላው ከጎኑ ክርና ቁልፍ ለሚሸጠው ለአብዱልሃሚድ አሳየው። የስልጤው ልጅ አብዱልሃሚድ አገላብጦ አይቶ፣ እንዲህ ያለ ቁልፍ ከአስመራም ከኤደንም መጥቶ አያውቅም ብሎ መለሰለት። ገነነ ቁራጯን በባዶ የሲጋራ ቆርቆሮ ውስጥ አኖራት። ስለዚህ ነገር ለአስካለ አልነገራትም። ያፈረ ይመስለኛል፤ አጥንት ሲለቅም የሚውል ባል ማን ይወዳል።

የጥምቀት ሰሞን ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ አስካለ ጓሮውን ስትጠርግ አንድ ጥቅል በመጥረጊያዋ ተንከባለለ። እማማ ሙሉእመቤት ምርኩዛቸውን ይዘው አጠገቧ ነበሩ፤ በምርኩዛቸው ጫፍ ሰነጠቁት። ከግራጫው ጸጉር ውስጥ አንዲት እጅ ወጣች። አምስት ጣት አላት፤ ጣቶቿ ገና ከአንጓቸው አልተላቀቁም፤ ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን ጥፍሮች አሉ። ከአስካለ ትንሿ ጣት እምብዛም አትረዝምም።

«የሕፃን እጅ ናት» አሉ እማማ ሙሉእመቤት።

ከዚያም አማትበው፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ የተቀበሩ ሕፃናት ጠባቂ የላቸውም፣ ይቺ ወፍ ሌሊት የምትወርደው እነሱን ፍለጋ ነው ብለው ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ አወሩ። ሊያቆስሏት ብለው አልነበረም። አስካለ ከስድስት ዓመት በፊት ምን እንደደረሰባት ያን ጊዜ ትዝም አላላቸውም። አስካለ ጎንበስ ብላ ያቺን እጅ አነሳቻት፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤት ገባች። እማማም ሌላውን በመጥረጊያ ወደ ወንዙ ጠርገው ጣሉት።

ሦስት ቀን ሙሉ አስካለ ስትጠልፍ የዋለችውን መስቀል ማታ ስታየው አንዱ ክንፉ ከሌላው ይረዝማል፤ ትፈታውና እንደገና ትጀምራለች። በሕልምና በውን መሐል ነበርኩ ትላለች ያን ጊዜ ስታስታውስ። የወንዙ ድምፅ ከወትሮው የቀረበ ይመስላት ነበር፤ ከአልጋው ሥር የሚያልፍ ያህል። በአራተኛው ቀን ምሽት ገነነ እራቱን ሲጨርስ የክር ማስቀመጫ ቆርቆሮዋን አምጥታ ከፈተችና ያቺን እጅ በጠረጴዛው ላይ በነጭ ሻሽ አኖረቻት።

«ልጁን የት ነው የቀበርከው?» አለችው።

ገነነ ሻሹ ላይ ያለችውን እጅ አየ፤ ከዚያ ሚስቱን አየ። ወንዙን ተሻግሮ፣ ከአፋፉ ሥር፣ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ካሉበት አጠገብ እንደሆነ ነገራት።

«ጉድጓዱ ጥልቅ ነበር?»

 የዚያን ቀን መሬቱ ከላይ ጭቃ፣ ከታች ድንጋይ ነበር። ዶማው እየነጠረ አስቸገራቸው። አንደኛው ጎረቤት ይበቃል አለ፤ ሰማዩ እንደገና ጠቁሮ ነበር፤ እሱም ከዚያ ቦታ ቶሎ መራቅ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ፣ ዝናብ ጣሪያውን በደበደበ ቁጥር፣ ያ ጉድጓድ በሐሳቡ ውስጥ እየጎደለ፣ እየጎደለ መጥቶ ነበር።

«አላውቅም፣ አስኩ» አለ። «ጥልቅ ነበር ልልሽ አልችልም።»

 አስካለ ቆይታ ስታወራ፣ ከዚያ በኋላ የነገራትን ሁሉ ያመነችው ያን ምሽት አላውቅም ስላላት እንደሆነ ትናገር ነበር።

በማግስቱ ገነነ ያቺን እጅ ሰዓት በሚጠቀለልበት ስስ ወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። መስኮቱን ዘግቶ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ እስከ ረፋድ አያት። እጅ መለየት የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ይቺን ግን ሊለያት አልቻለም። የገዛ ልጁን እጅ በሐሳቡ ሊያመጣት ሞከረ፤ የመጣለት ነጭ ጨርቅ ብቻ ነበር። በአሥራ ዘጠኙ ቀን ውስጥ የልጁን እጅ ገልጦ በደንብ አላየም። ጊዜ ያለው መስሎት ነበር።

ከአብዱልሃሚድ ሊደብቀው አልቻለም፤ ሁሉንም ነገረው። አብዱልሃሚድ አዳምጦ ሲጨርስ ሱቁን ዘጋና ክንዱን ይዞ ወደ ዶሮ ማነቂያ፣ ወደ ቤቱ ወሰደው። ሚስቱ ረሂማ ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። አብዱልሃሚድ ከመጋረጃው ወዲያ ገብቶ በስልጥኛ ጥቂት አነጋገራት፤ ከዚያ ሕፃኗን መይሙናን ታቅፎ ወጣና ገነነ ፊት ተቀመጠ። ገነነ ጣቱን ዘረጋ። ሕፃኗ ሳታይ፣ ዓይኗ እንደተከደነ፣ ጨበጠችው። እጇ ሞቃት ነበረች፤ መዳፏ ሰፊ ነው፤ አውራ ጣቷ ወፍራምና ከሌሎቹ ራቅ ያለ ነው። በወረቀት የጠቀለላት ግን መዳፏ ጠባብ፣ አውራ ጣቷ አጭርና ወደ አንጓው የወረደች ነበረች። ልዩነቱ ታየው። ሆኖም አጥንትን ከሥጋ ጋር ማስተያየት እንደማያስተማምን ያውቃል። ጣቱን ለማላቀቅ አልቸኮለም። ረሂማ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፣ እስክትለቅህ ቆይ፣ ብላ አስነገረችው።

ሲመለሱ አብዱልሃሚድ መንገድ ላይ ቆመና አንድ ነገር አስታወሰ። እሱ ባደገበት አገር፣ ከእንሰት ማሳው በላይ ባለው ጫካ፣ ትልቅ ጉጉት የጦጣ ግልገል ከእናቱ ደረት ነጥላ ስትወስድ አያቱ አይተው ነበር። ጦጣ ደግሞ ከእንጦጦ ጫካ በወንዙ ዳር ዳር እየወረደ እስከ አፍንጮ በር ይመጣል።

«እጅ ያታልላል፣ ገኔ» አለው። «ጅራቱን ፈልግ።»

ገነነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ ጽዱ ሥር ይጠብቅ ነበር። እማማ ወደ ወንዙ ጠርገው የጣሉትንም በሣሩ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ፣ እንደ ልጅነቱ፣ ብርሃን እስኪነካው እየጠበቀ ለቀመ። የማለዳው ጭስና ጉም ጓሮውን ሞልቶ ዛፉ ከመሬት የተለየ ይመስላል፤ ከላይ ጉጉቷ ከወንዙ ተመልሳ ቅርንጫፏ ላይ ስታርፍ የሚሰማው የቅርንጫፉ ድምፅ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን ሲያያት ታየዋለች። ጠላኋት ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ አልጠላትም።

መጀመሪያ ያገኘው አንድ ትንሽ አጥንት ነበር፤ መሐሉ ቀጠን፣ ሁለት ጫፉ ወፈር ያለ። በሁለተኛው ቀን ሦስት፣ ከዚያ አምስት አገኘ። አንዳንዱ የፍልፈል አጥንት ሆኖ ሲገኝ ለይቶ አወጣው። በጸጉሩ መሐል ደግሞ ጫፋቸው ወደ ቢጫ የሚያደላ ግራጫ ክሮች ነበሩ። አጥንቶቹን በልካቸው አሰለፋቸው፤ አንዱ ከአንዱ በጥቂቱ እያነሰ ይሄዳል፤ የጎደለ ቦታ ሲኖር ክፍተት ይተዋል፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ክፍተቱን የሚሞላው ይመጣል። ደንበኞች ሰዓታቸው እንደዘገየ አጉረመረሙ። በአሥራ አንደኛው ቀን የመጨረሻዋን አገኘ፤ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት ትበልጣለች።

ያን ምሽት ጥቁሩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈና ሃያ ሦስቱን አጥንት ደረደራቸው። አስካለን ጠርቶ ማጉያ መነጽሩን ሰጣት። ከዚያ በፊት በዚያ መነጽር አይታ አታውቅም። ዓይኗ ላይ አድርጋ ስትጎነበስ ጨርቁ እንደ ሌሊት ሜዳ ሰፋ፤ አጥንቶቹ በሜዳው ላይ ከሩቅ እንደሚመጡ ነጫጭ ለባሾች፣ ትልቁ ከፊት፣ ትንሹ ከኋላ፣ በመስመር ሲሄዱ ታዩዋት። በመርፌዋ ጫፍ ሳትነካቸው አንድ በአንድ ተከተለቻቸው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ምንድን ነው?»

«ጅራት ነው» አለ ገነነ። «የጦጣ ግልገል ጅራት። የእኛ ልጅ ጅራት አልነበረውም።»

አስካለ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች አታውቅም፤ ሳቁ መጣባትና ሳቀች፤ ገነነም ፈርቶ አያት። ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። በስድስት ዓመት ውስጥ በፊቱ ስታለቅስ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር። ለራሷ እንኳ አልነበረም። መሐረቧን ከፊቷ ሳታነሳ የጠየቀችው ስለ ግልገሉ እናት ነው፤ የት ሆና ይሆን፣ ሲነጠቅባት ታይ ነበር ወይ አለች።  ገነነ አጠገቧ ተቀምጦ መብራቱ በጨርቁ ላይ ሲያበራ አብረው አዩ። ቆይታ፣ እሑድ ወደ ልጁ ቦታ ውሰደኝ አለችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወረዱ። በበጋው ወንዙ ቀጥኖ ነበር፤ ድንጋይ ለድንጋይ ረግጠው ተሻገሩ። ገነነ ሁለቱን ትልልቅ ድንጋዮች ሲያይ ከመድረሱ በፊት ቆመ። አስካለ ቀደመችው። ከድንጋዮቹ መሐል ትልቅ የቀጋ ቁጥቋጦ በቅሎ ነበር። ግንዱ የክንድ ያህል ወፍሯል፤ እሾሁ እጅ አያስገባም፤ ሥሩ መሬቱን እንደ ጥልፍ ይዞታል። ያን መሬት ጅብም፣ ውሻም፣ ጎርፍም አልነካውም። አስካለ ነጠላዋ በእሾሁ እየተያዘ እስከምትችለው ቀርባ መዳፏን አፈሩ ላይ አኖረች። አፈሩ ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ይሞቅ ነበር።

ብዙ ተቀመጡ። ፀሐይ ከእንጦጦ ትከሻ ስትወርድ ከማዶው ግቢ፣ ከጽዱ ላይ፣ ጉጉቷ ተነስታ በላያቸው መጣች። ክንፏ ጥላ እንኳ አልጣለም፤ የጥላ ሰዓት አልፎ ነበር። ወንዙ ከሚሰፋበት፣ ውሃው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከሚተኛበት ቦታ አረፈች። ከዚያ ያላሰቡትን አደረገች፤ እንደ ሰው በእግሯ ወደ ውሃው ገባች። የእግሯን ላባ ውሃው እያረጠበው፣ ቀሚሷን ሰብስባ እንደምትሻገር ሴት፣ ቀስ እያለች ሄደች። ቆመች። አንድ እግሯን አነሳችና ውሃው ውስጥ ጣለችው፤ ስታወጣው በጥፍሯ ውስጥ ቀይ ነገር በብዙ እግሩ አየር ይቧጥጣል።

ገነነ በሹክሹክታ፣ ያ ቁልፍ መስሎት የነበረው ይሄ ነው ብሎ ስለ ቀዩ ቁራጭ ነገራት። አስካለ ግን አውሬውን አወቀችው። ልጅ ሳለች እናቷ ኮከቧን ያስቆጠሩላት ደብተራ፣ ኮከብሽ ሸርጣን ነው ብለው በብራናቸው ላይ በቀይ ቀለም የተሣለ ባለ ብዙ እግር ነገር አሳይተዋት ነበር። ስሙን ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ኖራ፣ በሰማይ እንጂ በምድር ያለ አልመሰላትም። ከቤቷ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ይኖር ኖሯል።

ጉጉቷ ሸርጣኑን ድንጋይ ላይ ሰብራ ስትበላ አዩዋት። ጨለማው ሲጀምር አስካለ ፊቷን ወደ ወንዙ እንዳደረገች፣

«ፈቀደ ብዬው ነበር» አለች።

ገነነ አልገባውም።

«ልጁን። ጡት ሳጠባው፣ ብቻችንን ስንሆን፣ ፈቀደ እለው ነበር። ክርስትና ሲነሳ ልነግርህ ነበር።»

ገነነ ስሙን አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ደገመው። ከዚያ ተነስተው በድንጋዮቹ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሻገሩ።

እማማ ሙሉእመቤት ጅራቱን ሲያዩ መጀመሪያ አላመኑም። አስካለ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ አድርጋ አስቆጠረቻቸው። አሥራ ሰባት ላይ ጠፋባቸውና እንደገና ጀመሩ። ሲጨርሱ ያን ማለዳ የተናገሩት ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ አስካለን ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ እሷ ቀድማ ያዘቻቸው። አቶ ተክላይ ቅበላ ሰሞን ጠመንጃቸውን ወልውለው ሲመጡ እማማ ራሳቸው በር ላይ ተቀብለው፣ የእኔ ጉጉት አይጥ ታጠፋልኛለች፣ ጠመንጃህን ለሌላ አውለው ብለው ጠላ አስቀድተው ሸኟቸው።

ገነነ ጥቅል መፍታቱን አልተወም፤ አሁን ግን ጠረጴዛው ላይ፣ ከአስካለ ጋር ነው። እሷ በመርፌዋ ትፈታለች፣ እሱ ይደረድራል። እስስት ወጣ፤ እባብ ወጣ፤ አንድ ጊዜም የሌላ ትንሽ ጉጉት የራስ ቅል ወጣ። አራት ኪሎ ኮሌጅ የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ሰዓቱን ሊያሠራ መጥቶ በመስኮቱ በኩል የሲጋራ ቆርቆሮዎቹን አየና ሰዓቱን ረስቶ ሁለት ሰዓት ቆመ። በኋላ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ሁሉንም በወረቀት ጻፈ። ሸርጣኑ ላይ ሲደርስ ማመን አቃተውና አስካለ ወንዙ ድረስ ወስዳ አሳየችው።

ጉጉቷ በጽዱ ላይ ሁለት በጋ ከርማ በሦስተኛው አልመጣችም። ሞታ ይሁን ቦታ ቀይራ አላወቁም። አስካለ ሌላ ልጅ አልወለደችም። እሑድ እሑድ ግን ቆሎ ቋጥረው ወደ ወንዙ መውረድ ልማድ ሆነባቸው፤ ብዙ ጊዜ አብዱልሃሚድና ረሂማም መይሙናን ይዘው ይመጣሉ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ አስካለ ናት፤ ገነነ ካረፈ በኋላ፣ ዓይኗ ለጥልፍ እምቢ ባላት ጊዜ። እንደነገረችኝ፣ በገነነ የመጨረሻ ክረምት፣ አንድ እሑድ ድንገተኛ ዝናብ ይዟቸው፣ ወንዙ ሞልቶ፣ በድልድዩ ዞረው ለመመለስ ተገደው ነበር። ገነነ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ፒያሳ እስኪደርሱ ባዶ እግሩን ሄደ፤ የመንገዱ መብራቶች በእርጥቡ አስፋልት ላይ እያንጸባረቁ ተኝተው ነበር፤ እሱም እንዳይረግጣቸው እየተጠነቀቀ፣ አንዱን ሲዘል ሌላው ላይ እያረፈ፣ እስከ ቤት አሳቃት።